ኑዛዜ በካቶሊክ እምነት፦ ጎጃም ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ካቶሊክ መሆኔን ያወቀ ሰው ቡና ላይ የሚያነሣብኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ኑዛዜ ማለት ምን ማለት ነው?

ኑዛዜ ከሰባቱ ምስጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ የሆነው የምስጢረ ንስሐ ክፍል ነው። ከተጠመቀ በኋላ ኃጢአት የሠራ ሰው ይጸጸታል፣ የሠራውን ለካህን ይናገራል፣ ካህኑ በእግዚአብሔር ስም ይፈታዋል፣ እሱም የተሰጠውን ቀኖና ይፈጽማል። ጸጸት፣ ኑዛዜ፣ ፍትሐትና ካሳ አራቱም አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ምስጢሩ ሙሉ የሚሆነው። ሕዝቡ ግን “ተናዘዝኩ” ሲል አራቱንም ማለቱ ነው።

ቃሉ እኛ ሀገር ሰው ያሳስታል። ኑዛዜ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ በሬውንና መሬቱን ለልጆቹ ሲያከፋፍል ነው። ፍትሐት ሲባል ደግሞ ሬሳ ፊት የሚደረሰው ጸሎት። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚሞት ሰው ጉዳይ ይመስላል፤ ጎረምሳ ቢናዘዝ “ምን ሆነ? ታመመ እንዴ?” ይባላል። ግዕዙን ያየ ሰው ግን ናዘዘ ማለት አጽናና፣ አረጋጋ ማለት መሆኑን ያውቃል፤ ናዛዚ የሚያጽናና ነው። ተናዛዡ እንግዲህ ሊጽናና የመጣ ሰው ነው። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው፤ ኑዛዜን የፈራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፈራው ችሎት መስሎት ስለሆነ።

ለእግዚአብሔር በቀጥታ ብነግረው አይበቃም? ለምን ለሰው?

ለእግዚአብሔር መንገር መቼም አይቀርም፤ ያለ እሱ ኑዛዜው ወሬ ነው። ካህኑ የገባበት ምክንያት የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ አለ። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በሐዋርያት ላይ እፍ ብሎ መንፈስ ቅዱስን ሰጣቸው፤ ይቅር ያሏቸው ይቅር እንደሚባሉ፣ የያዙባቸውም እንደሚያዝባቸው ነገራቸው። መያዝና መፍታት ደግሞ ምን እንደተሠራ ሳይሰሙ አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን ያን ሥልጣን ከሐዋርያት ወደ ጳጳሳት፣ ከጳጳሳትም ወደ ካህናት የተላለፈ አድርጋ ታምናለች።

“ካህኑስ ኃጢአተኛ አይደሉም ወይ?” የሚል አለ። ናቸው፤ ስለዚህም እሳቸውም ይናዘዛሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2013 እሳቸውም በየአሥራ አምስት ቀኑ እንደሚናዘዙ ለሕዝብ ተናግረዋል። በመጋቢት 2014 ደግሞ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ አንድ ተራ ካህን ፊት ተንበርክከው ተናዝዘዋል። ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ነው፤ ካህኑ አፉን ነው የሚያውሰው።

ከኦርቶዶክሱ የሚለየው በምንድን ነው?

ብዙ ሰው ከሚገምተው በታች። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያናት ንስሐን ከሰባቱ ምስጢራት ይቆጥሩታል፤ ሁለቱም ካህን፣ ጸጸት፣ ቀኖናና ፍትሐት አላቸው። የባሕር ዳር–ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በጥር 2015 ሲቋቋም የግዕዝ ሥርዓት ሀገረ ስብከት ሆኖ ነው። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው የሚሰማው ቅዳሴ ጆሮው የሚያውቀው ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በነፍስ አባት ላይ ነው። በገጠር ጎጃም እያንዳንዱ ቤት የነፍስ አባት አለው። እሳቸው በዓል ሲሆን ጠበል ይረጫሉ፣ ክርስትና ላይ አሉ፣ ሠርግ ላይ አሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠራሉ፣ በመጨረሻም ቀብር ላይ ይቆማሉ። የነፍስ ልጅ ሌላ ካህን ዘንድ ልሂድ ቢል ያስቀይማል። ካቶሊኩ ይህ ግዴታ የለበትም፤ የማናዘዝ ሥልጣን ያለው የትኛውም ካህን ዘንድ ሊቀርብ ይችላል፤ ዛሬ ባሕር ዳር፣ ከወር በኋላ አዲስ አበባ። አንድ ቋሚ ካህን መያዝ ግን ይመከራል፤ በሽታህን ከሥሩ የሚያውቅ ሐኪም እንደመያዝ ነው። በዚህ በኩል፣ እውነቱን ለመናገር፣ የነፍስ አባቱ ልማድ ያስቀናኛል። ቤትህ ድረስ መጥቶ “ምነው ጠፋህ?” የሚል ካህን ያለው ሰው ታድሏል።

ሌላው ልዩነት ከቁርባን ጋር የተያያዘ ነው። እኛ አካባቢ ሕፃን ይቆርባል፣ አረጋዊ ይቆርባል፤ መካከሉ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ጎልማሳው “ገና ነኝ፣ ልጅነት አለብኝ” እያለ ዕድሜውን ይገፋል። የካቶሊክ ትምህርት ጎልማሳውንም ቶሎ ቶሎ ቁረብ ስለሚለው ኑዛዜውም የዕድሜ ልክ ጉዞ ይሆናል። ቀኖናውም እንደ ድሮው ረጅም ጾምና መቶ ስግደት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ጸሎት፣ የምሕረት ሥራ ወይም ለበደሉት ሰው የሚደረግ ካሳ ነው።

እንግዲያው ኑዛዜን ፈረንጅ ነው ያመጣብን የሚባለው ከየት መጣ?

ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን በቀረው ትዝታ ይመስለኛል። ያኔ ጎጃም ዳር ቆማ አላየችም። ኢየሱሳዊው፣ ማለትም የካቶሊኩ የኢየሱስ ማኅበር ሚስዮናዊ፣ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አይቷል። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የጎጃም ገዥ ሳሉ ወደ ካቶሊክ እምነት ገቡ፤ ንጉሡም በ1622 እምነታቸውን በአደባባይ አወጁ። ተከታዮቹ ሚስዮናውያን በልማዱ ሁሉ ላይ እጃቸውን ሲያስገቡ ግን ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ከዚያ ወዲህ ካቶሊክ ሲባል የሚጠረጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጠቡ ግን በኑዛዜ ላይ አልነበረም፤ ካህን ፊት ቀርቦ ንስሐ መግባት ከፓኤዝ በፊትም እዚሁ ነበር። የጎጃም ካቶሊክነት በፈረንጅ ብቻ የሚታወቅም አይደለም። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ጎጃም ውስጥ ዲቦ የተወለዱ፣ መርጡለ ማርያም የመነኮሱ ሊቅ ናቸው። ብዙ ከመረመሩ በኋላ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፣ በ1851 በካቶሊኩ ጳጳስ በቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እጅ ቀሰሱ፣ በ1855 በእምነታቸው ምክንያት በሰንሰለት ታስረው ሞቱ፤ በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ።

ስገባ ምን እላለሁ? ምን አደርጋለሁ?

ከመግባትዎ በፊት ትንሽ ዝም ብለው ኅሊናዎን ይመርምሩ፤ ዐሠርቱ ትእዛዛትን አንድ በአንድ ማሰብ ቀላሉ መንገድ ነው። ካህኑ ፊት ሲቀርቡ ያማትባሉ፣ “አባ፣ ይባርኩኝ” ይላሉ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተናዘዙት መቼ እንደሆነ ይናገራሉ። ከዚያ ኃጢአቱን ነው፤ ታሪኩን አይደለም። “አማቴ እንዲህ ስላለችኝ፣ እሷም ያለችው ባሏ እንዲያ ስላለ...” እያሉ የሌላ ሰው ኃጢአት መናዘዝ የተለመደ ነው፤ ካህናቱም ታግሠው ይሰማሉ። ከባድ ኃጢአት ከሆነ ምን እንደሆነና ስንት ጊዜ ገደማ እንደተሠራ መናገር ያስፈልጋል። ካህኑ ይመክራሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ፣ እርስዎ የጸጸት ጸሎት ያደርሳሉ፣ እሳቸውም ይፈታሉ።

በፊልም የሚታየውን መስኮት ያለውን የእንጨት ሳጥን አይጠብቁ። ያ በ16ኛው መቶ ዓመት ሚላኖ ውስጥ በቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዎ ዘመን የተስፋፋ የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ዕቃ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ወንበር፣ መስቀልና ሁለት ሰው ነው። ጸሎቱን በቃል ካላወቁ ወረቀት ይዞ መግባት ነውር የለውም፤ ከወጡ በኋላ ግን ወረቀቱን ያቃጥሉት።

የትኛውን ኃጢአት ነው መናዘዝ ያለብኝ? ሁሉንም?

ግዴታው በከባዱ ላይ ነው፤ ቅዱስ ዮሐንስ በመልእክቱ “ሞት የሚገባው” ባለው። አንድ ኃጢአት ከባድ የሚባለው ሦስት ነገር ሲገናኝበት ነው፦ ጉዳዩ ራሱ ከባድ ሲሆን፣ ሠሪው ከባድነቱን ሲያውቅና ወዶ ሲያደርገው። በሐሰት ምሎ የወንድሙን ርስት የወሰደ ሰው ሦስቱንም አሟልቷል። ተናዶ ልጁን “ጥፋ ከዚህ!” ብሎ የጮኸ አባት አላሟላም። ቀላሉን ኃጢአት መናዘዝ ግዴታ ባይሆንም ይጠቅማል፤ አረም ገና ቡቃያ ሳለ ነው የሚነቀለው።

በዓመት ስንት ጊዜ?

እንደ እኛ የግዕዝ ሥርዓት ላሉ ምሥራቃውያን ካቶሊኮች በ1990 የወጣው የሕግ መጽሐፍ ቁጥር አይቆርጥም። ከባድ ኃጢአት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በተቻለ ፍጥነት ይናዘዝ፣ ሌላውም ቶሎ ቶሎ በተለይም በጾም ወራት ይቅረብ ይላል። “ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ” የሚለው በ1215 ሮማ ላይ በተደረገው የላተራን አራተኛ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የተደነገገ ነው። እኔ የማውቃቸው ትጉ ምዕመናን በወር አንዴ ይላሉ፤ ሌላው ሕዝብ ሑዳዴና ፍልሰታ ሲመጣ ነው የሚታየው።

ይከፈላል?

አይከፈልም። ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ካህኑ በደንብ ያውቁኛል፤ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

እኛ አካባቢ ይህ ትክክለኛ ጭንቀት ነው። ካቶሊኩ ጥቂት ነው፣ ካህኑም ጥቂት፤ ትናንት ቤትዎ ቡና ጠጥተዋል፣ ነገ ልጅዎን ያስተምራሉ። ከከበደዎት ለሥራ አዲስ አበባ በሄዱበት አጋጣሚ ለማያውቅዎት ካህን መናዘዝ መብትዎ ነው፤ ማንም አይቀየምም።

የራሴን ልንገርዎ። አንድ ጊዜ ትንንሾቹን ኃጢአቶች በቅደም ተከተል አሳምሬ ተናገርኩና ዋናውን ዋጥኩት። ካህኑ ቀኖናውን ሰጥተው ሊፈቱኝ ሲሉ ብድግ ብዬ፣ ቆሜ፣ እንደ ዕዳ ከፋይ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። “በል ቁጭ በል፤ አሁን ገና መጣህ” አሉኝ። በሳምንቱ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ስለ ዝናቡ አወራን። ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ያንኑ ኃጢአት ስንት ጊዜ እንደሰሙ ያኔ ነው የገባኝ። ካህን በሰው ኃጢአት የሚደነቀው የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብቻ ነው ይላሉ።

አንዱን ብረሳውስ? ብደብቀውስ?

የረሳው ተፈትቷል። ትዝ ሲለው፣ ከባድ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ኑዛዜ ያነሣዋል፤ እስከዚያ ከቁርባን መራቅ የለበትም። ከባድ ኃጢአትን እያወቀ የደበቀ ግን የተናገረውም አልተፈታለትም፤ ኑዛዜው እንዳልነበረ ይቆጠራል። በሚቀጥለው ጊዜ መደበቁን ጨምሮ እንደገና ይጀምራል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይጨነቃል። አሥር ጊዜ የተናዘዘውን “ምናልባት በደንብ አላስረዳሁም” እያለ ይደጋግመዋል። ይህ ትጋት አይደለም፣ የኅሊና በሽታ ነው። መድኃኒቱ አንድ ካህን ይዞ “ይበቃል” ሲሉት ማመን ነው።

ደጋግሜ በአንድ ኃጢአት እወድቃለሁ። ካህኑን ማታለል አይሆንም?

አይሆንም፣ በተናዘዙበት ሰዓት ለመተው ቆርጠው ከሆነ። የሚጠየቀው የዛሬው ቁርጥ ሐሳብ እንጂ ለነገ ዋስ መጥራት አይደለም። እንጨት ሆኖ የማይጨስ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። ነገር ግን “ማታ ወደዚያው ቤት እሄዳለሁ፣ ለአሁኑ ይፍቱኝ” ብሎ የገባ ሰው ካህኑን ሳይሆን ራሱን ነው ያታለለው። አረቄው ከሆነ ችግሩ፣ ከኑዛዜው ጋር መንገድም ይቀይር፤ መሸታ ቤቱ ደጃፍ እያለፉ ቁርጥ ሐሳብ ሲያልቅ ስንት ጊዜ አይተናል።

ወሰን ገፍቻለሁ፤ ተናዝዤ ከተፈታሁ መሬቱ ይቀርልኛል?

አይቀርልህም። ይህን ጥያቄ በሳቅ የሚያነሡት አሉ፤ ጠያቂው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ቦታ አለው። በካቶሊክ ትምህርት ፍትሐት ኃጢአቱን ያነሣል፣ ጉዳቱን ግን በዳዩ ራሱ መጠገን አለበት። በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየጨመረ ወደ ጎረቤቱ የገባ ሰው በሬውን ወደ ኋላ መመለስ አለበት። አልመልስም ካለ እውነተኛ ጸጸት የለውም፤ ካህኑም ሊፈቱት አይችሉም። ገበያ ላይ ቁና አጉድሎ የሰፈረ፣ ደመወዝ የከለከለ፣ የሰው ስም ያጠፋ ሁሉ እንዲሁ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የስሙ ነው፤ መሬት ይለካል፣ ወሬ አይለቀምም።

መመለስ ማለት ግን ራስን በአደባባይ ማዋረድ ማለት አይደለም። ገንዘብ ከሆነ በምስጢር፣ በሰው እጅ፣ በካህኑም በኩል ሊደርስ ይችላል። ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ ይመለሳል። የሌለው ድሃ ደግሞ ሲኖረው እንደሚከፍል ቆርጦ አሁን የሚችለውን ያደርጋል።

ሰው የገደለ ቢናዘዝ ካህኑ ለፖሊስ ይናገራሉ?

አይናገሩም፤ ለፖሊስም፣ ለዳኛም፣ ለጳጳሳቸውም፣ ለሟች ቤተ ሰብም። የኑዛዜ ማኅተም የሚባለው ይህ ነው፤ አንድም ልዩ ሁኔታ የለውም። በቃል ብቻ ሳይሆን በምልክት፣ በፊት ገጽታ፣ በአሽሙርም ማሳወቅ የተከለከለ ነው። ማኅተሙን በቀጥታ የሰበረ ካህን በታላቅ ውግዘት ይቀጣል። በሰሙት ተጠቅመው ተናዛዡን የሚጎዳ ነገር ማድረግም አይችሉም፤ ለምሳሌ ሌብነት የተናዘዘ ዘበኛን በዚያ ምክንያት ከሥራ ማስወጣት።

የሮማ የንስሐ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በ2019 ባወጣው ማብራሪያ “እጅህን ለመንግሥት ካልሰጠህ አልፈታህም” ብሎ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ እንደማይፈቀድ ግልጽ አድርጓል። ካህኑ ሊመክሩ፣ ሊለምኑ ይችላሉ። በእሱ ፈንታ ንጹሕ ሰው ታስሮ ከሆነም ያን በደል የመጠገን ዕዳ እንዳለበት ይነግሩታል። ከዚያ በላይ አይሄዱም። ይህ ብዙዎችን ያስቆጣል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ማኅተሙ ከላላ ነፍሰ ገዳዩ ድሮውንም አይመጣም፤ ከማንም ሳይመክር ደሙን ይዞ ይኖራል።

ወንድሜን ገድለውብኛል። ይቅር ካላልኩ አልፈታም?

ከሁሉም ጥያቄ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ጎጃም ውስጥ የሚጠይቀው ሰው በመጽሐፍ ስላነበበ አይደለምና። ደሙን ያልመለሰ ወንድም በየሠርጉ ቤት በፉከራ ይነካል፣ በየመጠጡ ይሰደባል፤ እናቱ ሳትቀር ዝም ብላ ታየዋለች። እንዲህ ያለውን ሰው “ይቅር በል” ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው።

ትምህርቱ ግን ያለው ይህን ነው፦ ለመግደል ያሰበ፣ መሣሪያውን ወልውሎ ቀን የሚጠብቅ ሰው ያን ሐሳቡን ሳይተው ሊፈታ አይችልም። ሐሳቡን ከተወ ግን ይፈታል፤ ልቡ ገና ቢቃጠልም፣ ገዳዩን ሲያይ ቢንቀጠቀጥም። ይቅርታ ስሜት ሳይሆን ውሳኔ ነው፤ ስሜቱ በኋላ፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ይከተላል። ይቅር ማለት ደግሞ ክስ ማንሣት ማለት አይደለም፤ ፍርድ ቤት መሄድ፣ በሽማግሌ ካሳ መጠየቅ በቀል አይባልም። ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን ወገን ሲያስታርቁና ሲያስምሉ የሚደረገውና ኑዛዜው አይጣሉም። ካህኑም ብዙ ጊዜ ተናዛዡን ወደዚያው ይመሩታል።

ቅዳሴ ላይ ፍትሐት ዘወልድ ይደረሳል። ያ ከፈታኝ ለምን ለብቻዬ እናዘዛለሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀውም ቅዳሴውን በደንብ የሚከታተል ሰው ነው። በግዕዙ ቅዳሴ ካህኑ ስለ ሕዝቡ ሁሉ የፍትሐት ጸሎት ያደርሳሉ፤ ጸሎቱም ባዶ ቃል አይደለም። ቀላል ኃጢአት በጸጸት በተደረገ ጸሎት፣ በምጽዋት፣ በራሱ በቅዱስ ቁርባንም ይሰረያል። ከባዱ ግን በመደበኛው መንገድ የሚፈታው እያንዳንዱ ለየብቻው ተናዝዞ ነው፤ ሕጉ ይህን ብቻ ነው መደበኛ የሚለው።

ያለ ግል ኑዛዜ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ፍትሐት አለ፤ ለምሳሌ የሞት አደጋ ሲመጣና ጊዜ ሲያጥር። በዚህ የተፈታ ሰው ከአደጋው ከተረፈ ከባድ ኃጢአቱን በኋላ ለካህን መናገር አለበት።

በሰማንያ ነው የተጋባነው። መናዘዝ እንችላለን?

መቅረብስ ቅረቡ። በሰማንያ ተጋብተው፣ ልጆች ወልደው፣ “እኛማ ምን አፍ አለን” ብለው ሃያ ዓመት የራቁ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ካቶሊኮች በቤተ ክርስቲያን ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ ሁኔታው ሳይስተካከል ፍትሐትና ቁርባን ማግኘት እንደማይችሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ከዚህ በፊት በቤተ ክርስቲያን ካላገቡና ሌላ መሰናክል ከሌለ፣ መፍትሔው ከሚያስቡት በላይ ቅርብ ነው፤ ካህኑን ማነጋገር፣ መዘጋጀት፣ መናዘዝና ጋብቻውን በቤተ ክርስቲያን ማስባረክ። ድግስ ግዴታ አይደለም፤ ብዙውን ሰው የሚያስቀረው ግን ድግሱ ነው።

ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ በተክሊል አግብቶ የፈታ ከሆነ ግን ነገሩ ይረዝማል። የመጀመሪያው ጋብቻ የጸና መሆን አለመሆኑን የሚመረምረው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነው። ይህን ቡና ላይ የሚፈርድ ሰው ቢያጋጥምዎ አይስሙት።

መንገድ ተዘግቶ ካህን ባላገኝስ? በስልክ ወይም በቴሌግራም አይሆንም?

በስልክ አይሆንም። ምክር መጠየቅ ይቻላል፣ ፍትሐት ግን በአካል መገናኘትን ይፈልጋል። ድምፁን ማን እንደሚቀዳው አለመታወቁ ደግሞ ለብቻው በቂ ምክንያት ነው።

ካህን ለማግኘት የማይቻል ሲሆን ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ስለ ፍጹም ጸጸት ነው። ቅጣት ፈርቶ ሳይሆን እግዚአብሔርን ስለሚወድ የተጸጸተ ሰው፣ በተቻለው ፍጥነት ለመናዘዝ ከቆረጠ፣ ከባድ ኃጢአቱም በዚያው ይቅር ይባልለታል። በ2020 ወረርሽኙ ቤት በዘጋ ጊዜ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ካህን ለማግኘት ላልቻሉ የነገሯቸው ይህንኑ ነው። መንገዱ ሲከፈት ግን ቀጠሮው ይጠብቃል።

ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ እኔ ካቶሊክ። በእሷ የነፍስ አባት ዘንድ መናዘዝ እችላለሁ? እሷስ በእኔ?

በካቶሊክ በኩል በሩ ጠባብ ቢሆንም አልተዘጋም። የካቶሊክ ካህን ማግኘት በእውነት ያልተቻለው ምዕመን፣ እውነተኛ መንፈሳዊ ፍላጎት ሲኖረው፣ ምስጢሩ በጸና ሁኔታ ካለበት ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህን ሊቀበል ይችላል። የኦርቶዶክስ ምዕመንም በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና በሚገባ ከተዘጋጀ የካቶሊክ ካህን ሊያናዝዘው ይችላል። ይህ የካቶሊክ ሕግ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን በራሷ በኩል ይህን አትፈቅድም፤ የነፍስ አባቱም ካቶሊክ መሆንዎን ካወቁ እምቢ ቢሉ ሕጋቸውን መጠበቃቸው ነው። ሳይነግሩ መግባት ደግሞ ኑዛዜን በማታለል መጀመር ነው። በቤታችን የሠራው መንገድ ቀላል ነው፦ እሷ በእሷ፣ እኔ በእኔ፤ ሑዳዴ ሲገባ ግን በአንድ ሳምንት። የእሷ የነፍስ አባት ለበዓል ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እኔም መስቀላቸውን እሳለማለሁ። “አንተስ ተናዘዝክ ወይ?” ይሉኛል። “አዎ አባ” እላለሁ። “እግዚአብሔር ይፍታህ” ብለው ጠበሉን ከሌላው ሰው እጥፍ አድርገው ይረጩብኛል።